የኤደን ባሕረ ሰላጤና ከተሞቹ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየቤታችን ያለው የምግብ ዘይት፣ ነዳጅ፣ የመኪና ጎማና ስልክ አብዛኛው በአንድ ባሕር በኩል አልፎ የመጣ ነው። የዚህን ባሕር ስም በዜና የምንሰማው ግን መርከብ ሲመታ ወይም ጀልባ ሲሰጥም ብቻ ነው። ይህ ለእሱ በጣም ያንሰዋል። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሁለት ዳርቻ ያለው አንድ ገበያ ነው። ከተሞቹ አንዱ የሌላውን በግ፣ ቡና፣ ጨውና ዕጣን እየገዙ ኖረዋል። ደጋ ላይ ያለነው እኛም የዚያ ገበያ ሰዎች ነን። ስለዚህ ባሕር ወሬ ሲነሣ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን እነሆ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ባሕረ ሰላጤ በትክክል የት ነው?

በሰሜን የመን፣ በደቡብ የሶማሌ ጠረፍ፣ በምዕራብ ጅቡቲ ይከቡታል። በምሥራቅ ክፍት ነው። ወደ ዓረቢያ ባሕርና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይዘልቃል። የምሥራቅ ድንበሩ የሚሰመረው የአፍሪካ ቀንድ ጫፍ በሆነው በራስ ጓርዳፉይ ትይዩ ነው። ከቀይ ባሕር በር ከባብ ኤል መንደብ እስከዚያ ድረስ ርዝመቱ 900 ኪ.ሜ. ይጠጋል። ካርታ ላይ ሲታይ አፉን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ጥሩምባ ይመስላል። ምዕራቡ ጠባብ ነው፤ ምሥራቁ ከ300 ኪ.ሜ. በላይ ይሰፋል።

ከተሞቹን በልባችሁ ለመያዝ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ እዩአቸው። በርበራ በደቡብ፣ ኤደን በሰሜን፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በመካከላቸው ያለው 260 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ቦሳሶና ሙካላ እንዲሁ ይተያያሉ፤ እነሱን የሚለያያቸው 360 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ጅቡቲ ደግሞ ምዕራቡ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ዳርቻ ታያለች። ከእሷ ጎን ወደ ምድር ገባ ያለው ትንሹ ባሕረ ሰላጤ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው።

ከቀይ ባሕር ጋር አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም፤ ግን ጎረቤቱና ሕይወቱ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ባብ ኤል መንደብ የሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ስፋቱ ወደ 30 ኪ.ሜ. ቢሆን ነው። በመካከሉ ፔሪም የምትባል የየመን ደሴት አለች፤ መተላለፊያውን ለሁለት ትከፍለዋለች። በየመን በኩል ያለው ክፍል 3 ኪ.ሜ. ብቻ ስፋት አለው። ትልልቆቹ መርከቦች የሚያልፉት በአፍሪካ በኩል ባለው ሰፊና ጥልቅ መንገድ ነው።

ቀይ ባሕር ይህን ያህል የሚባል ወንዝ አይገባበትም። በፀሐይ ብዛት ግን በየዓመቱ 2 ሜትር ያህል ውኃ ይተንበታል። የጎደለውን የሚሞላለት የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ቀይ ባሕርም በፈንታው ከባድና ጨዋማ የሆነውን ውኃውን በባብ ኤል መንደብ ወለል በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው ይለቃል። በአንድ በር፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ሁለት ባሕር ይተላለፋል። በበጋውና በክረምቱ ነፋስ ምክንያት የላይኛው ውኃ አቅጣጫ ሲቀየርም ከታች ያለው ልውውጥ አይቆምም።

እንዴት ተፈጠረ?

መልሱ ያለው እኛው አገር፣ አፋር ነው።

የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዓረቢያና አፍሪካ የተያያዙ መሬት ነበሩ። ከዚያ መሬቱ መሳሳትና መሰንጠቅ ጀመረ። ስንጥቁ ሰፋ፣ ረገበ፣ ውኃ ገባበት። ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ደግሞ ከመሬት ሆድ የሚወጣው የቀለጠ ዐለት እየበረደ አዲስ የባሕር ወለል ይሠራል። ይህ አዲስ ወለል የሚወለድበት የባሕር ውስጥ ተራራ ሰንሰለት አለ። የባሕር ተመራማሪዎች የሳባ ሸንተረር ብለውታል። በሁለቱም ዳርቻ ስለ ንግሥተ ሳባ የሚተርክ ሕዝብ ስላለ ስሙ ቦታውን አግኝቷል ብዬ አምናለሁ።

ዓረቢያ አሁንም እየሸሸች ነው። ፍጥነቱ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

የኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንጥቅ ብቻውን አይደለም። አፋር ላይ ሦስት ስንጥቆች ይገናኛሉ። አንዱ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ሁለተኛው ቀይ ባሕር ነው። ሦስተኛው በአዋሽ፣ በዝዋይና በአባያ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርደው የእኛው ስምጥ ሸለቆ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበሩ ሰዎች ወደ ደጅ ወጥተው ነበር። ያ መንቀጥቀጥ የመጣው ከዚሁ ሦስተኛ ቅርንጫፍ ነው። ባሕሩን የከፈተው ኃይልና አልጋችንን የነቀነቀው ኃይል ዘመዳሞች ናቸው።

ታዲያ አንድ ቀን አፋር ባሕር ይሆናል?

የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ወደዚያ እያመራ ነው ይላሉ። ግን የሚያወሩት በሚሊዮን ዓመታት ነው፤ ማንም ቤቱን ይሽጥ አይባልም።

ሂደቱ ግን በዓይን ይታያል። በመስከረም 2005 ዳባሁ በሚባለው የአፋር እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪ.ሜ. ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተላቀቀ። አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ በኅዳር 1978 አርዱኮባ ፈነዳ። ያ ቦታ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መጨረሻ ባለው ጉቤት በሚባል የባሕር ኪስና በአሳል ሐይቅ መካከል ነው።

አሳልን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ ነው። በአፍሪካ ከዚህ የሚያንስ ዝቅተኛ ቦታ የለም። ከባሕሩ የሚለየው አሥር ኪ.ሜ. ገደማ የሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የባሕሩ ውኃ በዚያ ድንጋይ ስንጥቅ እየሰረገ ይገባና ይተናል፤ ጨው ሆኖ ይቀራል። የአፋር ነጋዴዎች ይህን ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ሸዋ ያመጡት ነበር። አያቶቻችን የቀመሱት ጨው ከፊሉ ከዚህ ባሕር የተጣራ ነው ማለት ነው።

ለምንድን ነው እንዲያ የሚሞቀው? ወንዝስ የለውም?

ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ትልቅ ወንዝ አይገባበትም። የእኛ አዋሽ ከደጋው ተነሥቶ ወደ እሱ አቅጣጫ ይወርዳል። ግን ባሕሩን ሳያይ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ዳርቻው ላይ ዝናብ ብርቅ ነው። ጅቡቲ በዓመት 150 ሚሊ ሜትር ያህል ብታገኝ ነው፤ ኤደን ከዚያም ያነሰ። በጅቡቲና በበርበራ በሐምሌ ቀን ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ጅቡቲ ላይ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ወደ ባሕሩ ሲነፍስ የሚያቃጥል አቧራ ይዞ ይመጣል። በርበራ ውስጥ አቅም ያለው ሰው በዚያ ወቅት ወደ ሼክ ተራሮች ይወጣል።

ዝናቡ ብርቅ ነው ማለት ግን ጎርፍ የለም ማለት አይደለም። በኅዳር 2015 ቻፓላ የተባለ አውሎ ነፋስ ሙካላ አካባቢ የየመንን ምድር መታ። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ኃይል ያለው አውሎ ነፋስ ሲገባ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። በግንቦት 2018 ሳጋር የባሕረ ሰላጤውን ርዝመት ተከትሎ ወደ ምዕራብ ነጎደና ሶማሌላንድን አጥለቀለቀ፤ ከብትም ሰውም ጨረሰ።

ነፋሱ ለንግዱ ምን አደረገለት?

ሞተር ከመምጣቱ በፊት ነፋሱ የሁሉ አለቃ ነበር። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ በበጋ ይገለበጥና ከምሥራቅ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ሸራ ጀልባዎች መሄጃና መመለሻ ወቅት ነበራቸው።

ይህን ለመረዳት የድሮዋን በርበራ ማየት ይበቃል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደማ ትልቅ የዓመት ገበያ ይቆምባት ነበር። ከሐረርና ከኦጋዴን ቅፍለት ይወርዳል። ከየመን፣ ከሙስካትና ከሕንድ ጀልባ ይመጣል። ቡና፣ በግ፣ ከርቤ፣ ዕጣን፣ የሰጎን ላባ ይወጣል፤ ጨርቅ፣ ሩዝና ቴምር ይገባል። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ ይህን መሸፈን አይገባም። የበጋው ነፋስ ሲያልቅ ሰው ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። ከተማው ባዶ ይቀራል ማለት ይቻላል። ዛሬም ቢሆን በክረምቱ ወራት ከቦሳሶ በኩል ትንንሽ ጀልባዎች እንደ ልብ አይወጡም፤ ባሕሩ ይቆጣል።

ኤደን እንዴት ያለች ከተማ ናት?

ኤደን የተሠራችው ከሞተ እሳተ ገሞራ ውስጥ ነው። ነገሩ ምሳሌ አይደለም፤ እውነተኛ አቀማመጧ ነው። ጥንታዊው ሰፈር ስሙም ክሬተር ነው፤ ጥቋቁር ዐለት በሦስት በኩል ከቦታል። ከዐለቱ ላይ የሚወርደውን የጎርፍ ውኃ ለመያዝ የተፈለፈሉ ትልልቅ ጥንታዊ ገንዳዎች አሉ፤ የጠዊላ ገንዳዎች ይባላሉ። ዝናብ በማያውቀው ከተማ ሰዎች አንዲት ጠብታ እንዳታመልጣቸው ተራራውን ጠርበውታል።

ወደቡ ግን በክሬተር ጀርባ ነው። ሁለት የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች፣ ኤደንና ትንሿ ኤደን፣ እንደ ሁለት ክንድ አቅፈው ጥልቅና ጸጥ ያለ ውኃ ሠርተዋል። በዚህ ዳርቻ እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ወደብ ብዙ የለም። እንግሊዞች በጥር 1839 የያዟትም ለዚህ ነው። ከቦምቤይ ወደ ስዊዝ ለሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች ድንጋይ ከሰል መጫኛ ያስፈልጋቸው ነበር። ስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ከተማዋ ደመቀች። በ1954 ትንሿ ኤደን ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ተተከለ። በ1950ዎቹ በዓለም ላይ መርከብ ከሚበዛባቸው ወደቦች አንዷ ሆና ነበር።

ከዚያ 1967 መጣ። በሰኔው የዓረብና የእስራኤል ጦርነት ስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ እስከ 1975 አልተከፈተም። በዚያው በ1967 በኅዳር 30 እንግሊዞች ለቀው ወጡ። አንድ ከተማ በአንድ ዓመት ሁለት እንዲህ ያለ ምት ሲያርፍባት ለመነሣት ይከብዳል። ኤደን እስከ 1990 የደቡብ የመን ዋና ከተማ ሆና ቆየች። ከ2015 ጦርነት ወዲህ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው የየመን መንግሥት ጊዜያዊ መቀመጫ ናት።

ለእኛ ኤደን ሩቅ አልነበረችም። የሐረር ቡና በእሷ በኩል ነበር ወደ አውሮፓ የሚሄደው። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1880 ኤደን ውስጥ በቡና ንግድ ቤት ተቀጥሮ ነው በዚያው ዓመት ወደ ሐረር የተላከው። በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሐረር ሰፈር ውስጥ ዓረብ ቤት የምንለው ሱቅ ባለቤቶችም አብዛኞቹ ይህን ውኃ ተሻግረው የመጡ የመኖች ነበሩ። ስኳርና ጨው በዱቤ ከእነሱ የወሰደ ትውልድ ዛሬም አለ። ኤደን ዛሬ ያለችበትን ሁኔታ ሳስብ ያመኛል። ይህ ባሕር እንደ እሷ ያለ ወደብ አልተሰጠውም፤ ሰላም ግን ነሥቷታል።

ጅቡቲስ? ለምን ሁሉም ነገር በእሷ በኩል ሆነ?

ጅቡቲ ከጎረቤቶቿ ሁሉ ታናሽ ናት። ፈረንሳዮች ከተማዋን የቆረቆሯት በ1888 ነው። ትልቅ ያደረጋት አንድ ነገር ነው፦ ባቡር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪ.ሜ. ነበር። ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ሐዲድ ልጅ ናት። በግንቦት 1936 አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት ሲሄዱም በዚሁ ባቡር ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ።

ሁለተኛው ምክንያት የ1998ቱ ጦርነት ነው። እስከዚያ ድረስ አሰብ ትልቁን ድርሻ ትይዝ ነበር። ከኤርትራ ጋር ያለው ድንበር ሲዘጋ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚያ ያልፋል። ኮንቴይነሩ ዶራሌ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ተሳቢው በጋላፊ አድርጎ በሰመራና በሚሌ ይወጣል፤ ወይም በባቡር በደወሌ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል። ዕቃው ወደብ ላይ በቆየ ቁጥር ክፍያው በዶላር ይቆጠራል። ጭንቀቱን ትራንዚተር ያውቀዋል፤ በመጨረሻ ግን የሚከፍለው ሸማቹ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2018 ሥራ ሲጀምር ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ የመንገዱን ጫና ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላወረደም።

ግንኙነቱ የአንድ ወገን አይደለም። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከእኛ መብራት ትገዛለች። አትክልትና ፍራፍሬዋ አብዛኛው ከዚህ ይሄዳል። ከአወዳይ ጠዋት የተነሣ ጫት በዚያው ቀን ጅቡቲ ይቃማል። ገበያዋ ውስጥ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ይሰማል፤ አማርኛ ይዞ የሚጠፋ ሰውም የለም።

የውጭ የጦር ሰፈሮች ብዛትስ? ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ቻይና አሉ። ባብ ኤል መንደብን ለመጠበቅ ከዚህ የሚሻል ቦታ የለም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ታጁራና ኦቦክ ምን ናቸው?

ከጅቡቲ ከተማ ባሕሩን ሲሻገሩ ታጁራ ትገኛለች። ነጫጭ ቤቶችና ብዙ መስጊዶች ያሏት የአፋር ሱልጣኖች ጥንታዊ ከተማ ናት። ጅቡቲ ከመኖሯ በፊት የሸዋ ወደብ እሷ ነበረች። በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከኤደን መጥቶ የወረደው እዚህ ነው፤ ከዚያ በበረሃው አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ራምቦም ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያመጣ ሲነሣ ቅፍለቱን ያሰናዳው እዚሁ ነው፤ ግመል እስኪያገኝ ወራት ጠበቀ። በ2017 አዲስ ወደብ ተሠርቶላታል፤ ዋና ሐሳቡ የኢትዮጵያን ፖታሽ ማስወጣት ነበር።

ኦቦክ ፈረንሳዮች በ1862 የገዟት የመጀመሪያ ቦታቸው ናት። ጅቡቲ ስትቆረቆር ተረሳች።

ዘይላ ለምን ጠፋች?

ባቡር ነው የገደላት።

ዘይላ ከጅቡቲ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪ.ሜ. ያህል ላይ ናት። በመካከለኛው ዘመን የኢፋትና የአዳል በር ነበረች። ከደጋው ነገሥታት ጋር ሲዋጋ እዚያ የወደቀው የኢፋት ሱልጣን ሰዓደዲን ስሙን ከፊት ለፊቷ ላሉት ደሴቶች ትቷል። ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1331 ገደማ አይቷት ነበር። ትልቅ ገበያ ያላት ከተማ መሆኗን ጽፏል፤ ግን የዓሣውና የሚታረደው ግመል ሽታ አስመርሮት ሌሊቱን ጀልባው ላይ ማደርን መረጠ። ፖርቱጋሎች በ1517 አቃጠሏት። ከዚያ ሁሉ ተርፋ ለሐረር ስታገለግል ኖረች። ሐዲዱ በጅቡቲ ሲዘረጋ ግን የሐረር ጭነት ወደ ድሬዳዋ ዞረ፤ ግመሎቹ ወደ ዘይላ መውረድ ተዉ። ዛሬ የጥንት መስጊድ ፍርስራሽ ያላት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት።

በርበራ ለኢትዮጵያ ሁለተኛ በር ትሆናለች?

በመልክዓ ምድር ከጠየቃችሁ፣ አዎ፣ ትችላለች። ለጅግጅጋና ለመላው ሶማሌ ክልል በጣም ትቀርባለች። ከድንበሯ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ በርበራ 250 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ወደቧ ባሕሩ ውስጥ ገባ ባለ የአሸዋ ምላስ የተጠለለ ነው። የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ በ2016 ውል ፈርሞ በ2021 አዲስ የኮንቴይነር ማራገፊያ ከፈተ። የቁም ከብት ንግዱማ ከሁሉ የቆየ ነው። ለሐጅ ወቅት ወደ ሳዑዲ በመርከብ የሚጫነው በግና ፍየል ከፊሉ ከእኛ ሶማሌ ክልል የሄደ ነው።

የከበደው ፖለቲካው ነው። ሶማሌላንድ ከ1991 ጀምሮ ራሷን የቻለች አገር ነኝ ትላለች፤ ሞቃዲሾ አትቀበልም። በጥር 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ ቀጣናው ተናወጠ። በታኅሣሥ ወር 2024 አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር መግባባት ተደረሰ። በእኔ እምነት የሁለቱ ዳርቻ ነጋዴ ድንበር ሳይጠይቅ በኖረበት ቦታ ወደብ የጠብ ሳይሆን የጉርብትና ምክንያት መሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በርበራ ከ4 ኪ.ሜ. በላይ የሚረዝም የአውሮፕላን መንደርደሪያ አላት። የሶቪየት ኅብረት ትታው የሄደችው ነው። ዚያድ ባሬ በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ምክንያት ሶቪየቶችን ሲያባርር ነው የለቀቁት።

በምሥራቅ በኩልስ ምን አለ?

ቦሳሶ የፑንትላንድ የንግድ ከተማ ናት። ከጀርባዋ ያሉት ተራሮች የዓለም ዕጣን ከሚመጣባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ናቸው። በማዶ ያለችው ሙካላ የሐድራሞት ዋና ወደብ ናት፤ ከተራራና ከባሕር መካከል በቀጭኑ ተዘርግታለች። ከባሕረ ሰላጤው አፍ ውጭ፣ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ሶኮትራ የምትባል የየመን ደሴት አለች። በጃንጥላ ቅርጽ የሚያድገውና ቀይ ሙጫ የሚያወጣው ዛፏ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ በተፈጥሮ አይበቅልም። ዩኔስኮ በ2008 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

የባሕር ላይ ወንበዴና የመርከብ ጥቃት አሁንም አለ?

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሶማሌ ወንበዴዎች ከ2008 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ገንነው ነበር። ከ1991 በኋላ መንግሥት በሌለበት ጠረፍ የውጭ መርከቦች ዓሣውን ሲዘርፉ የተጀመረው ቁጣ ወደ ቤዛ ንግድ ተለወጠ። ከዚያ የብዙ አገር የባሕር ኃይል መጣ። በባሕረ ሰላጤው መካከል የሚጠበቅ የጋራ መስመር ተሰመረ፤ መርከቦችም የታጠቀ ጠባቂ ያዙ። በ2012 ጥቃቱ ወደቀ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም።

ከኅዳር 2023 ጀምሮ የመጣው ደግሞ የየመን ሁቲ ታጣቂዎች ከጋዛው ጦርነት ጋር አያይዘው መርከብ ላይ የተኮሱት ሚሳይልና ድሮን ነው። በመጋቢት 2024 ትሩ ኮንፊደንስ የተባለው መርከብ እዚሁ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ተመትቶ ሦስት መርከበኞች ሞቱ። ብዙ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞር መረጡ፤ ያ ጉዞውን በአሥር ቀንና ከዚያ በላይ ያረዝመዋል። ጅቡቲ ግን ያለችው በሩ ላይ ስለሆነ ወደ እኛ የሚመጣው ጭነት ከዚህ ውኃ ማምለጫ የለውም።

ወገኖቻችን የሚሻገሩት በየት ነው?

በሁለት በኩል። አንዱ ከኦቦክ አካባቢ ነው፤ አጭሩ መንገድ። ሌላው ከቦሳሶ ነው፤ ረጅሙ፣ አንድ ሌሊትና ከዚያ በላይ በክፍት ባሕር ላይ። ወደ የመን በዚህ መንገድ ከሚሻገሩት ሰዎች እጅግ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የሚያስቡት የመንን አይደለም፤ ሳዑዲን ነው።

ደላላው ካርታ አያሳይም። ኦቦክ ላይ ቆሞ ማዶውን ቅርብ ነው ይላል። ያልተናገረው ብዙ ነው። ጀልባው ከአቅሙ በላይ ይጫናል። የባብ ኤል መንደብ ማዕበል ኃይለኛ ነው። ጀልባ ነጂው ጠባቂ እንዳያየው ሰውን ገና ጥልቅ ውኃ ላይ ውረዱ ይላል፤ ከደጋ የመጣ ልጅ ደግሞ ዋና የት ተምሮ? በሚያዝያ 2024 ከኦቦክ በስተሰሜን ጎዶርያ አካባቢ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ብዙዎች አለቁ። በነሐሴ 2025 መጀመሪያ አብያን በሚባለው የየመን ጠረፍ ሌላ ጀልባ ኢትዮጵያውያንን ይዞ ሰጠመ። ባሕሩን የተሻገረም ጦርነት ያለበት አገር ነው የሚጠብቀው፤ መንገድ ላይ አግተው ከቤተሰብ ገንዘብ የሚያስልኩ አሉ። ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት በዚህ መንገድ ለመሄድ ስታስብ የምታውቁ ሁሉ እባካችሁ ይህን ንገሩ። ልንገር ብላችሁ አትፈሩ።

ባሕረ ሰላጤውን ሄዶ ማየት ይቻላል?

በጅቡቲ በኩል ይቻላል። ከአዲስ አበባ ፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሣው የመንገደኞች ባቡር በድሬዳዋ አድርጎ ከጅቡቲ ከተማ ዳር ናጋድ ጣቢያ ያደርሳል። የጉዞውን ቀንና የመግቢያ ፈቃዱን አስቀድማችሁ አጣሩ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወቅት ይሻላል፤ ሙቀቱ ይቀንሳል። በዚያው ወቅት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ ጠረፍ አካባቢ፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ ይመጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሰው አይነካም፤ ምግቡ ደቃቅ የባሕር ነፍሳት ናቸው። አሳል ሐይቅ ከከተማው በመኪና ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሐይቁ ዳር ጥላ የለም። የሚበቃ ውኃ፣ ኮፍያና ድፍን ጫማ ያዙ፤ የጨው ቅርፊቱ እግር ይቆርጣል።